ወረቀቱ ምን ይላል?

(ሰቆጣ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የጎልማሶች መማሪያ ክፍል፣ የክረምቱ ትምህርት ሲያበቃ የተደረገ ንግግር)



እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በዕድሜዬ ከብዙዎቻችሁ ልጆች አልበልጥም። ወደዚህ የመጣሁት ለአገልግሎት ተመድቤ ነው፤ መርጬ አልመጣሁም። ስመጣ አስተምራለሁ ብዬ ነበር። አሁን ጓዜን ልጠቀልል ስል ግን ካስተማርኩት የተማርኩት በልጦ አገኘሁት። ዛሬ የምነግራችሁ ከተማርኩት አንዱን ነው። ነገሩ ስለ ልጆቻችሁ ንባብ ነው።

በመጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር።

በዚህ ክረምት አንድ ቀን፣ ስለ ፍየል ክትባት የሚናገር ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ጽሑፉ እንዲህ ይል ነበር፦ «ለማክሰኞ ተይዞ የነበረው የፍየል ክትባት ወደ ሐሙስ የተዛወረ መሆኑን እናስታውቃለን።» አንድ አባት አራተኛ ክፍል የሚማር ልጃቸውን ይዘው መጡ። እሳቸው ያን ጊዜ ፊደል መቁጠር መጀመራቸው ነበር። በቤታቸው የሚነጋገሩትም በኽምጣንኛ ነው። «እስቲ አንብብልኝ» አሉት። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንዴም ሳይደናቀፍ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። እኔ በዚያ ሳልፍ ሰማሁትና አጨበጨብኩለት። «ጎበዝ!» አልኩትና መንገዴን ቀጠልኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እኚያን አባት ዳገቱ ላይ አገኘኋቸው። አሥራ አራት ፍየሎች ይነዳሉ። ፍየሎቹም እሳቸውም ደክመዋል።

«አባባ፣ ከየት ይመጣሉ?» አልኳቸው።

«ለክትባቱ ሄጄ ነበር። ዛሬ አይደለም፣ ሐሙስ ነው ብለው መለሱኝ።»

«ልጁ አንብቦልዎት አልነበረም?»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «አዎ፣ አንብቧል። ቀኑን ብጠይቀው ማክሰኞ አለኝ። ልጁስ አንብቦ ነበር ልጄ፤ ወረቀቱ ግን አልነገረውም» አሉኝ።

ማታ ልጁን ጠራሁት። «የተዛወረ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«አላውቅም» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅህም?»

መሬት መሬት እያየ፣ «ጋሼ፣ አጨበጨቡልኝ እኮ» አለኝ።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጁ ልክ ነው። እኔ ያጨበጨብኩት ለድምፁ ነበር። ምን እንዳነበበ አልጠየቅሁትም። አስተማሪው ካጨበጨበ ደግሞ ልጁ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ያስባል። ሥራ ፈተው የዋሉት ግን አባትየው ናቸው። ደግነቱ ነገሩ የቀን ጉዳይ ነበር። የመድኃኒት ወረቀት ቢሆንስ ኖሮ? «ለሕፃናት አይሰጥም» የሚለውን አንድ ልጅ አሳምሮ አንብቦ፣ «ይሰጣል» ብሎ ቢነግረንስ?

ታዲያ ንባብ ምንድን ነው? ፊደሉን በድምፅ መጥራት ብቻ ንባብ አይደለም። አንድ እረኛ ማለዳ በደጁ የጅብ ዱካ አየ እንበል። «ይህ የጅብ ዱካ ነው» ብሎ ማታ በጎቹን ውጭ ካሳደረ፣ ዱካውን አየው እንጂ አላነበበውም። ያነበበ ሰው ግን በረቱን ያጥራል። ፊደልም ዱካ ነው። ዱካውን አይቶ ማን እንዳለፈ፣ ወዴት እንደሄደ፣ ምን ማድረግ እንደሚገባ ያወቀ ሰው እሱ አነበበ ይባላል።

አባቶቻችን ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በቤተ ክህነት ትምህርት ንባብ ቤት ሌላ ነው፣ ትርጓሜ ቤት ሌላ ነው። ተማሪው ዳዊትን አሳምሮ ቢደግም እንኳ፣ ምሥጢሩን ለማወቅ የትርጓሜ መምህር ፊት ይቀመጣል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ለሁለቱ የተለያየ ቤት የለውም። ሁለቱም በአንድ ክፍል፣ በአንድ መምህር እጅ መማር አለባቸው። በክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ደግሞ ብዙ ናቸው። መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ «ምን ተረዳህ?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ ያጥረዋል። ስለዚህ ልጃችሁ ንባቡን በትምህርት ቤት ይማር፤ የትርጓሜው ቤት የእናንተ ቤት ይሁን።

ይህ ችግር የአንድ ልጅ ወይም የዋግ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎችና ከተሞች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች የንባብ ችሎታ ተፈትኖ ነበር። የተፈተኑት ልጆች ከ13 ሺህ ይበልጣሉ። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል በቀረበለት ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። ግማሽ ያህሉ ደግሞ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። ልብ በሉ፤ ቃላቱን አንብበው ምን እንዳነበቡ ያላወቁም በመካከላቸው አሉ ማለት ነው። ያ የፍየሎቹ ልጅ ብቻውን አይደለም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ምክንያቱ ብዙ ነው። እኔ አራቱን ልጥቀስ።

አንዱ የንባቡ ዝግታ ነው። ፊደል በፊደል እየለቀመ የሚያነብ ልጅ፣ በእፍኙ ውሃ ይዞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነው። ከላይ ሲደርስ ውሃው ፈስሷል። የመጨረሻው ቃል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ጠፍቶበታል።

ሁለተኛው ቋንቋው ነው። በዋግ ኽምራ ብዙ ልጆች በእናታቸው ቤት የሚሰሙት ኽምጣንኛ ነው። ኽምጣንኛ የአገው ቋንቋ ነው፤ የሚጻፈውም በዚሁ በምናውቀው ፊደል ነው። በአሁኑ ጊዜ በዞኑ ኽምጣንኛ የትምህርት ቋንቋ የሆነባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ልጁ አማርኛ ሲያነብ ግን ፊደሉን ያውቀዋል፣ ቃሉን አያውቀውም። ማር የሌለበትን ቀፎ እንደ መክፈት ነው።

ሦስተኛው የትምህርት መቋረጥ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ወደ ዋግ ደረሰና ትምህርት በብዙ ቦታ ተቋረጠ። ልጆች ሳይማሩ አደጉ። ዕድሜ ይሄዳል፣ ክፍልም ይቆጠራል፤ ያልተማሩት ትምህርት ግን በራሱ አይሞላም።

አራተኛው ጠያቂ ማጣት ነው። ይኸኛው በእጃችን ነው። ገንዘብም አይጠይቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ጽሑፍ ሳይረዱት በትክክል ማንበብ የማይቻልበት ጊዜ አለው። «ገና» የምትለዋን ቃል ተመልከቱ። «ገና አልመጣም» ስንል ላልታ ትነበባለች። «የገና በዓል» ስንል ጠብቃ ትነበባለች። በወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ውሃ ላይ መዋኘት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ «ዋና ከተማ» እንደምንለው ነው። ማጥበቁንና ማላላቱን ፊደሉ አይነግረንም። የሚነግረን የዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው። እንግዲህ ልጁ እንዲህ ያለውን ቃል ሲሳሳት ስሙት። አፉ ሳይሆን ሐሳቡ ወዴት እንደጠፋ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ማታ፣ ከብት ከገባ በኋላ፣ ቡና እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ልጁም ፍየል ሲጠብቅ ውሎ ደክሞታል። የምታደርጉት ስድስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከማንበቡ በፊት ጠይቁት። «ርእሱ ምን ይላል? ሥዕሉ ምን ያሳያል? ስለ ምን የሚያወራ ይመስልሃል?» በሉት። መንገደኛ ወዴት እንደሚሄድ ካወቀ መንገዱን አይስትም። ግምቱ ስሕተት ቢሆንም ግድ የለም። አንብቦ ራሱ ያርመዋል።

ሁለተኛ፣ አራት ነጥብ ላይ አሳርፉት። ዳገት የሚወጣ ተሸካሚ ሸክሙን የሚያሳርፍበት ድንጋይ አለው። የንባብ ማሳረፊያ አራት ነጥብ ናት። እዚያ ሲደርስ «ማነው ያደረገው? ምን አደረገ? መቼ? የት?» በሉት። ከመለሰ ይቀጥል። ካልመለሰ ያችኑ ዐረፍተ ነገር ይድገማት።

ሦስተኛ፣ ያላወቀውን ቃል እንዲናገር አድርጉት። «ያላወቅኸው ቃል የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሲነግራችሁ አትሳቁበት፣ አትቆጡት፣ በትርም አታንሡ። ቃሉን ካላወቃችሁት «እኔም አላውቀውም፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ቃላት እንይ» በሉት። «ለማክሰኞ ተይዞ የነበረው» ካለ በኋላ «ወደ ሐሙስ» ካለ፣ በመካከሉ አንድ ነገር ከማክሰኞ ተነሥቶ ወደ ሐሙስ ሄዷል። «የተዛወረ» ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ግምቱ ካልሠራ ቃሉን በደብተሩ ጽፎ ነገ መምህሩን ይጠይቅ።

አራተኛ፣ በሚያውቀው ቋንቋ ይንገራችሁ። አማርኛውን አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን ይክደነውና ለአያቱ በኽምጣንኛ ያጫውታቸው። አያትየው ከገባቸው ልጁም ገብቶታል። ካልገባቸው ይጠይቁት፤ እሱም ተመልሶ ያንብብ። በአንድ ቋንቋ ማስተዋል የለመደ ልጅ ያን ልማዱን ወደ ሌላው ቋንቋ ይዞት ይሻገራል። ኽምጣንኛ የአማርኛ ጠላት አይደለም፤ ድልድዩ ነው።

አምስተኛ፣ መልሱ በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ጥያቄ ጠይቁት። ይህ ትንሽ ከበድ ይላል። በምሳሌ እንየው። ይህችን አጭር ታሪክ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤

«የታኅሣሥ ወር ነው። እናት ማለዳ ተነሥታ ወደ ሰማይ ተመለከተች። ደመናው ጠቁሯል። ልጇን ቀሰቀሰችና ‹ፍየሎቹ ይቆዩ፤ አውድማው ይቅደም› አለችው። ሁለቱም ሸራ ይዘው ሮጡ።»

አሁን ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። «ወሩ ምን ነበር?» መልሱ እወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ታኅሣሥ ነው። «ለምን ሮጡ?» መልሱ አልተጻፈም። ዝናብ የምትል ቃል በታሪኩ ውስጥ የለችም። እህል የምትልም የለችም። እናንተ ግን ወዲያው ገብቷችኋል። የተወቃ እህል በአውድማ ላይ እያለ ዝናብ ቢመጣ ምን እንደሚሆን ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም። «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» የዚህ መልስ ደግሞ በልጁ ልብ ውስጥ ነው።

አያችሁ? አንባቢ በወረቀቱ ላይ ያለውንና በራሱ ዘንድ ያለውን አጋጥሞ ነው የሚረዳው። ልጃችሁም አውድማን ያውቃል። ደመናንም ያውቃል። የሚያውቀውን ወደ ንባቡ ይዞ እንዲገባ ግን የነገረው የለም። ትምህርትና ኑሮ የተለያዩ ይመስሉታል። እናንተ «ለምን ይመስልሃል?» ስትሉት በሩን ትከፍቱለታላችሁ። እንዲሁም መጽሐፉ ስላላየው ነገር፣ ስለ ባሕር ወይም ስለ ባቡር ሲያወራ፣ ከሚያውቀው ነገር ጋር እያመሳሰላችሁ አስረዱት። ባሕርን ያላየ ልጅ ተከዜን በክረምት ካየ መነሻ አለው።

ስድስተኛ፣ ያንኑ ጽሑፍ ደግሞ ያንብብ። ሁለተኛ ሲያነበው ምላሱ ይፈታል፤ ሦስተኛ ሲያነበው ልቡ ያስተውላል። በየቀኑ አዲስ ገጽ ከመሮጥ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ማንበብ ይሻላል።

መጽሐፍ የሌለበት ቤትም ሥራ አይፈታም። ማታ ተረት ትነግሩ የለምን? ተረቱን በመካከሉ አቁሙና «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» በሉ። ሲያልቅም «ቀበሮዋ ለምን ዋሸች?» ብላችሁ ጠይቁ። እንቆቅልሽም ያው ነው። የተነገረውን ሰምቶ ያልተነገረውን መፈለግ ነው። የሰማውን ያስተዋለ ልጅ ነገ ያነበበውን ያስተውላል።

«እኛ ራሳችን ትናንት ፊደል የቆጠርን ሰዎች ነን፤ እንዴት ሆነን ልጅ እናስተምራለን?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንዲት እናት እዚሁ ክፍል ውስጥ ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር። የመለስኩላቸውን ለሁላችሁም ልድገመው። እናንተ መልሱን ማወቅ የለባችሁም፤ ጥያቄውን ማወቅ ይበቃል። ልጁ ያንብብ፣ እናንተ ጠይቁ። ዳኛ ነገሩ ሲሆን በቦታው አልነበረም፤ ግን ጠይቆ እውነቱን ያወጣል። እናንተም በየሽምግልናው ስትጠይቁ ኖራችኋል። ልጃችሁ ሲያነብም እንደዚያው አድርጉ።

ይህ ሥራ ለራሳችሁም ይጠቅማል። በአገራችን በ1966 ዓ.ም. ከመቶ ሰው ከ90 የሚበልጠው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ተማሪዎችና መምህራን ወደየገጠሩ ዘመቱ። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ኽምጣንኛ ግን ከእነዚያ ውስጥ አልነበረም። ለሥራው በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ለኢትዮጵያ ተሰጠ። ሚሊዮኖች የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ከእነሱ መካከል ግን የሚያነቡት አጥተው ፊደሉን መልሰው የረሱ ብዙዎች ነበሩ። ያልታረሰ መሬት ዳዋ ይበላዋል፤ ያልተነበበ ፊደልም ይጠፋል። ከልጃችሁ ጋር በየማታው አንድ ገጽ ካያችሁ የእናንተም ፊደል አይጠፋም፤ የልጁም ማስተዋል ያድጋል። በአንድ እርሻ ሁለት እህል ማለት ይህ ነው።

ንግግሬን ልጨርስ። ያ የፍየሎቹ ልጅ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከአባቱ ጋር ያነባል። አባትየው አራት ነጥብ በደረሰ ቁጥር «እሺ፣ ማነው? ምን አደረገ?» ይሉታል። ባለፈው ሳምንት ሌላ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ልጁ ማንበብ ጀመረና ከመካከሉ ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ የተደናቀፈ መስሎት ነበር። እሱ ግን ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ይህችን ቃል አላወቅኋትም። ምን ማለት ናት?» አለኝ።

በዚያን ቀን አላጨበጨብኩም። ቁጭ ብዬ ከእሱ ጋር አነበብኩ። አባትየው ግን ሲስቁ አየኋቸው።

እንግዲህ እኔ እሄዳለሁ፤ እናንተና ልጆቻችሁ ትቀራላችሁ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ልጃችሁ አንብቦ ሲጨርስ «ጎበዝ» ከማለታችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁት፤ «ልጄ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?» በሉት።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልጁ ማስታወቂያውን ሳይደናቀፍ አንብቦ ሳለ አባቱ ለምን በማክሰኞ ሄዱ?

2. ልጁ «አጨበጨቡልኝ እኮ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

3. ስለ አውድማው በተነገረችው ታሪክ ውስጥ ያልተጻፈ፣ እናንተ ግን የተረዳችሁት ነገር ምንድን ነው? እንዴት አወቃችሁ?

4. በቤታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ለማንበብ የሚመቸው ጊዜ የትኛው ነው? በቡድን ሆናችሁ ተነጋገሩ።